ኔትወርኩ ሲሄድ እጃችን ላይ የሚቀረው



እዚህ መካነ ኢየሱስ ውስጥ ያለን ቴክኖሎጂ ወዳጅ ወጣቶች ስንገናኝ ወሬያችን የታወቀ ነው። አዲስ የወጣው ቴክኖ ራሙ ስንት ነው? የእገሌ ኢንፊኒክስ ፍሪ ፋየር ሲጫወቱበት ይግላል ወይስ አይግልም? ከዐረብ አገር የተላከው ሳምሰንግ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? ትናንት ማታ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው ቪዲዮ የእውነት ነው ወይስ የተቀነባበረ? አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ ስለ ስልክ ሁለት ሰዓት ማውራት ለኛ ምንም ማለት አይደለም።

ይህን ወሬ የሚንቁ ትልልቅ ሰዎች አሉ። «ስልክ ስልክ ስትሉ ዕድሜያችሁ አለቀ» ይሉናል። እኛ ግን ወሬው አይናቅም እንላለን። ነገር የሚመረምር፣ ይህ ከዚያ በምን ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ካለ ከተማዋ ተስፋ አላት። የጎደለው የወሬው ብዛት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ካሜራ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ጌም ስንጠያየቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም፦

ኔትወርኩ ሲሄድ እጃችን ላይ የሚቀረው ምንድን ነው?

▪️ ጥያቄው ለኛ ቀልድ አይደለም

አዲስ አበባ ላለ ወጣት ይህ ጥያቄ የሐሳብ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለኛ ግን ኖረን ያየነው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቀናት ሳምንታት ሆኑ፤ ሳምንታት ወራት ሆኑ። በዚያ ጊዜ 256 ጊጋ ስልክ የያዘውም፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ የያዘውም እኩል ሆኑ። ሁለቱም ደወሉ፤ ሁለቱም ሰዓት አዩ፤ ሁለቱም በባትሪው መብራት መንገድ አበሩ።

ልጇ ሳዑዲ ያለች እናት በኢሞ የልጇን ፊት ማየት ቀረባት። በቴሌግራም ቻናል ደርስ የሚከታተል ወጣት ቻናሉ በድሮ ቀን ላይ ቆሞ ቀረበት። በኦንላይን ኮርስ የጀመረው በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተንጠለጠለ። ፎቶውን ሁሉ «ክላውድ» ላይ አስቀምጦ ስልኩን ያጸዳው ሰው የራሱን ሠርግ ፎቶ ማየት አልቻለም።

በዚያው ወቅት ደግሞ ዋጋቸው ከፍ ያለ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ፋይል ያለው ሰው ነው። የትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ የቁርኣን ቲላዋ፣ ነሺዳና መንዙማ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሚሞሪ የያዘ ሰው ቤቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ዜንደር ተከፍቶ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ስልክ ጠጋኙ ነው። አዲስ ስልክ ማስመጣት ሲከብድ፣ መንገዱም እንደልብ ሳይሆን ሲቀር፣ ያለውን ስልክ በሕይወት የሚያቆይ እጅ ወርቅ ሆነ። ሦስተኛው አዋቂው ነው። የተማረውን ከጭንቅላቱ አውጥቶ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ከዚህ አንድ መለኪያ እናገኛለን። ስልካችን ላይ ያለ ነገር የኛ የሚሆነው ማንንም ሳንጠይቅ፣ ፓኬጅ ሳንገዛ፣ ሲግናል ሳንፈልግ ልንከፍተው ስንችል ነው። ሌላው ሁሉ የተዋስነው ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም።

▪️ ጋፋት ቅርባችን ናት

ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኛ ወደ ሰሜን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዛሬ ስሟን ስንሰማ ታሪክ እንጂ ቴክኖሎጂ አይታየንም። በዘመኗ ግን ጋፋት በአገራችን ትልቁ የብረት ሥራ ቦታ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ከተሠሩት ሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሚሆነው መድፍ ነው።

ስለ ንጉሡ፣ በተለይ በሙስሊሙ ላይ ስላደረሱት፣ የሚባል ብዙ አለ፤ የዛሬው ርዕሳችን ግን እሱ አይደለም። ርዕሳችን መሣሪያው ነው። መድፉ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት በኩል አድርጎ ዋድላና ደላንታን አቋርጦ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ለእሱ ሲባል ገደል ተደረመሰ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ገመድ ጎተተ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ መድፉ ቀረ፤ መድፍ የማቅለጥ ሙያውስ የት ገባ? የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ አውሮፓውያኑን ይዟቸው ሄደ። ጋፋት ተበተነች። እቶኑን እንዴት እንደሚያሞቁት፣ ሻጋታውን እንዴት እንደሚያበጁት፣ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን እንደከሸፈ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት አልቀረም። ብረቱ ተራራ ላይ ቀረ፤ ዕውቀቱ ባሕር ተሻገረ።

ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከሴባስቶፖል በብዙ ይበልጣል። ነገር ግን ስልኩን ይዘን ሙያውን ካልያዝን፣ እኛም 70 ኩንታል ጎትተን ተራራ ላይ ያወጣን ሰዎች ነን።

▪️ የአል-ጀዘሪ መጽሐፍ

በተቃራኒው የቆመ ምሳሌ እናንሣ። አቡል-ዒዝ ኢስማዒል አል-ጀዘሪ በዲያርበኪር፣ በአርቱቂድ ገዢዎች ቤት የሠራ ሙስሊም መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1206 ገደማ 50 የሚሆኑ መሣሪያዎችን የገለጸበት መጽሐፍ ጨረሰ፤ የውኃ ሰዓት፣ ውኃ ከጥልቅ የሚስብ ማሽን፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት፣ በዝሆን ቅርጽ የተሠራ ሰዓት። በዘመኑ ቋንቋ የጋጀት ሰው ነበር ማለት እንችላለን።

አል-ጀዘሪን ከብዙዎቹ የሚለየው መሣሪያዎቹ ማማራቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ክፍል በምን ማቴሪያል፣ በምን ልክ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ሥዕል እየሣለ ጽፎ ተወ። ውጤቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ትልቁን የውኃ ሰዓቱን በጽሑፉ መሠረት መልሰው ሠሩት፤ ሠራም። ሰውየው ከሞተ ከሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ገዢዎቹ የሉም፤ ቤተ መንግሥቱ የለም። ሙያው ግን ወረቀት ላይ ስለነበር አልሞተም።

ቅርብ ምሳሌም አለ። ይህን ጽሑፍ በፊደላችን የምታነቡት እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለገባ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ሰዎች ተቀምጠው ለእያንዳንዷ ፊደል የራሷን ቁጥር አስያዙ። ዛሬ ሀ ብሎ የሚጽፍ ልጅ ስማቸውን አያውቅም፤ ሥራቸው ግን ጣቱ ሥር አለ። የሚቀር ነገር መሥራት ማለት ይህ ነው።

▪️ ስልክ ስንገዛ

ወደ ሻይ ቤቱ ወሬ እንመለስ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክ የሚገባው በዶላር ነው፤ ስለዚህ ዋጋው አብሮ ወጣ። በዚህ ጊዜ ስልክ መግዛት ለአንድ ወጣት ትልቅ ውሳኔ ነው። ቤተሰብ በግ ሸጦ፣ እህት ከዐረብ አገር ልካ የሚገዛ ዕቃ ነው። ስለዚህ የኛን ኑሮ መሠረት ያደረገ መመዘኛ ያስፈልገናል።

ሱቅ ስንገባ የሚነገረን የካሜራው ሜጋፒክስል ነው። 108 ሜጋፒክስል ሲባል ሰው ይደነግጣል። ለኛ ከተማ ግን ከካሜራው በፊት የሚጠየቁ አሉ።

የመጀመሪያው ባትሪው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ 5000 ሚሊአምፔር ያለው ባትሪ ከሦስት ካሜራ ይበልጣል። ሁለተኛው የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ነው። ውድ የሚባሉት ስልኮች ብዙዎቹ ይህን ትተውታል፤ «ክላውድ ተጠቀሙ» ነው መልሳቸው። ኢንተርኔቱ ለማይቋረጥበት ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ሦስተኛው መለዋወጫው ነው። ስክሪኑ ቢሰበር ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ይገኛል? የማይገኝለት ስልክ አንድ ቀን ከእጅ ሲወድቅ ዕድሜው አበቃ። አራተኛው፣ ያገለገለ ስልክ ከሆነ፣ *#06# ተጭነን የሚመጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ማስተያየት፣ የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት መውጣቱን ማረጋገጥ ነው። አካውንቱ ያልወጣ ስልክ አንድ ቀን ተቆልፎ ይቀራል።

«ቻይና ነው» ብሎ መናቅም ልክ አይደለም። ቴክኖን፣ ኢንፊኒክስንና አይቴልን የሚሠራው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። ኩባንያው አፍሪካን የያዘው የአፍሪካን ኑሮ አጥንቶ ነው፤ ሁለት ሲም፣ ረጅም የሚቆይ ባትሪ፣ የኛን የቆዳ ቀለም በደንብ የሚያነሣ ካሜራ፣ የአማርኛ ኪቦርድ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የኛን ችግር አጥንቶ ሀብታም ከሆነበት፣ ችግሩ ውስጥ ያለን እኛማ ልናጠናው ይገባናል።

መርካቶ ያለችውን ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ሰው የጣለው ቆርቆሮ ምድጃ፣ የጣለው ጎማ ገመድ፣ የጣለው በርሜል ባልዲ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ያሉ ሰዎች «ዕቃው ከየት መጣ?» ሳይሆን «ከዚህ ምን ይወጣል?» ብለው ነው የሚያዩት። የስልክ ጥገናም ይኸው ነው። ቴስተር መያዝ፣ የቻርጅ ማስገቢያ መቀየር፣ ሶፍትዌሩ የተበላሸውን ፍላሽ ማድረግ ከስደት የሚያስቀር ሙያ ነው። እስቴም ሆነ ጋይንት፣ ስማዳም ሆነ ደራ፣ በገበያ ቀን ስልኩን ይዞ የሚመጣ ገበሬ አለ። ደንበኛው ቤቱ ድረስ እየመጣ ነው።

▪️ ጌሙስ?

ስለ ጌም ስናወራ ነገሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ይሆናል። አንዱ «ጌም ሁሉ ጥፋት ነው» ይላል፤ ሌላው «ተዉን እንዝናና» ይላል። እኛ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ጨዋታው ሲያልቅ ከኛ ምን ወሰደ? ለኛስ ምን ተወ?

ገበጣን እናስብ። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወት እረኛ ወጪው ዜሮ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ቁጥር በቃሉ መያዝ፣ የባላጋራውን ቀጣይ እርምጃ መገመት ተምሯል። ጠጠሩ እዚያው ይቀራል፤ ችሎታው ከልጁ ጋር ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ይህንኑ ገበጣ ወደ ስልክ አምጥቶታል። «ኩኩሉ» የሚል ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበት ጌምም ሠርቷል። የኛው ዶሮ፣ የኛው ግቢ! ጌም የሚወድ ወጣት ይህን ሲያይ «ማን ሠራው?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ያ ጥያቄ የሙያ በር ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ከጓደኛ ጋር ሁለት ጨዋታ ኳስ መጫወት፣ ትምህርትንና ሶላትን ካላስረሳ፣ ከባድ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ጌሙ ኪሳችን ውስጥ እጁን ሲያስገባ ነው። ብዙዎቹ የስልክ ጌሞች በነፃ የሚወርዱት ሰጪ ስለሆኑ አይደለም። ውስጣቸው ዳይመንድ፣ ኮይን፣ ልብስ፣ ዕጣ የሚመስል የሚሽከረከር ጎማ አለ። ገንዘብ ከፍለህ ትከፍተዋለህ፤ ምን እንደሚወጣልህ ግን አታውቅም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሳጥን ቁማር ነው ብሎ ከልክሏል። ሙስሊም ያልሆነ አገር፣ በሕግ መነጽር አይቶ፣ ቁማር ብሎ የጠራውን ነገር እኛ «ጌም ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም።

ቤቲንግማ ስሙን መሸፈንም አልፈለገም። ሐራም መሆኑን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለ አሠራሩ ግን አንድ ነገር እንበል፤ ቴክኖሎጂ የገባው ሰው አሠራሩን ሲያይ ማታለያው ይገለጥለታልና። የውርርድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚሰጠውን ክፍያ የሚያወጣው በሂሳብ ነው። ለሚሆነው ነገር ሁሉ ከትክክለኛው ዕድል ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይከፍላል። ያች ትንሽ ልዩነት የእሱ ትርፍ ናት። አምስት ስድስት ጨዋታ በአንድ ትኬት ስትደረድር ልዩነቷ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ትባዛለች። ስለዚህ አንድ ወጣት አንድ ቀን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ወጣቶቹ በድምሩ ግን ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። «ዛሬ በአንድ ጨዋታ ብቻ ተበላሁ» የሚለው ቁጭት ራሱ የአሠራሩ ክፍል ነው፤ ነገ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነውና። የሂሳቡ ሠሪ ያሸንፋል፤ የኳሱ ተንታኝ ይከፍላል።

▪️ የአንድ ጣት ጉዳይ

ስልክ ከሚያመጣብን ሁሉ ከባዱ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ወሬ ነው።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. በዚችው በመካነ ኢየሱስ ከአንድ ሰርግ ጋር ተያይዞ የተነዛ ወሬ መስጂድ እስከ ማቃጠል አደረሰ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይም መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። ለዓመታት አብሮ ሰርግ የበላ፣ አብሮ የቀበረ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ተለያየ። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ወሬ ምን ያህል እንደሚነድ ከኛ የበለጠ ምስክር ስለሌለ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ሥዕል አለው፤ ድምፅ አለው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተነሣን ፎቶ ይሠራል፤ ያልተናገረን ሰው ያናግራል። ከዚያ ቀለል ያለውና የበለጠ የተለመደው ማታለያ ደግሞ አለ፤ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ቪዲዮ አምጥቶ «ዛሬ እዚህ ቦታ» ብሎ መጻፍ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ወሬ በእግር ይሄድ ነበር። ሲመለስ ክንፍ አወጣ።

ቴክኖሎጂ አውቃለሁ የሚል ወጣት መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ፎቶውን ወስዶ በጉግል የምስል ፍለጋ ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቪዲዮው ውስጥ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የሰዎቹን አለባበስ፣ ዝናብ ነው ወይስ በጋ የሚለውን ማየት ስልክ እንኳን አይጠይቅም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያ የለጠፈው ማነው? ሌላ ታማኝ ምንጭ ብሎታል? ካላረጋገጥን ጣታችንን መሰብሰብ እንችላለን። ወሬን አጣርቶ መቀበል ዲናችን ያዘዘን ነገር ነው፤ «ሼር» የምትለዋ ቁልፍ ከትእዛዙ ውጪ አልተደረገችም።

የቴሌብርን ፒን በስልክ ጠይቀው፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብለው የሚያታልሉትም በዚሁ በር ነው የሚገቡት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከወሬም ከሌባም የሚጠብቀን አፕሊኬሽን የለም። ማጣሪያው ጭንቅላታችን ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ኔትወርክ አያስፈልገውም።

▪️ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምክር መደርደር ቀላል ነው። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮች ብቻ እናቅርብ።

1️⃣ ኔትወርክ ባለበት ቀን ለሌለበት ቀን እናከማች። ኪዊክስ የተባለው አፕሊኬሽን ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ሙሉው እንግሊዝኛ ከነፎቶው ወደ 100 ጊጋባይት ስለሆነ ለስልክ ይከብዳል፤ በርዕስ የተከፋፈሉ ትንንሾቹ ግን በሚሞሪ ካርድ ይገባሉ። ኮሊብሪ ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ለማድረስ ታስቦ የተሠራ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የመላ ኢትዮጵያን ካርታ ስልካችን ላይ ያስቀምጣል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ መማሪያ መጻሕፍትን በፒዲኤፍ መያዝም አለ። አምስት ጓደኛሞች ተከፋፍለው ቢያወርዱና በዜንደር ቢለዋወጡ የአንድ ሰው ፓኬጅ ለአምስት ይበቃል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት የገጠር ልጅ ስንት እንዳለ እናውቃለን። ያ ሚሞሪ ለእሱ ክፍል ነው።

2️⃣ አንድ ሙያ እንያዝ። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶችን በነፃ ይሰጣል፤ ለጨረሰም ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱን ለማግኘት ብቻ ቪዲዮውን ማሳለፍ ይቻላል፤ የሚቀረው ግን የተለማመድነው ነው። ኮምፒውተር የሌለው በስልክ ይጀምር። ኮድ የማይስበው ጥገና ይማር። ጥገና የማይስበው ቪዲዮ ማቀናበር፣ ጽሑፍ በፍጥነት መተየብ ይማር።

3️⃣ የምናውቀውን ለታናናሾቻችን እናሳይ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። መንገዱ ወደዚያ እየሄደ ነው። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀ በማሽኑ ሊሸነፍ ይችላል። ከተማችን ውስጥ ላፕቶፕ ያለው አንድ ወጣት በሳምንት አንድ ከሰዓት ለአራት ልጆች ቢከፍትላቸው፣ በዓመት ስንት ልጅ ፍርሃቱን ያወጣል? ለእህቶቻችንም እንዲሁ። የቤቱ ስልክ የወንድ ብቻ በሆነበት ቤት ግማሹ ጭንቅላት ተዘግቷል።

4️⃣ እንጻፍ። ስልክ የሚጠግን ሰው የፈታውን ችግር በደብተር ያስፍር፦ ይህ ሞዴል፣ ይህ ብልሽት፣ ይህ መፍትሔ። ኮድ የሚማር ወጣት የገባውን ነገር በአማርኛ ጽፎ ለጓደኞቹ ይላክ። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ወደ 15,000 ገደማ ጽሑፎች ብቻ ነው ያሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለ እስቴ፣ ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳ የሚጽፍ እኛ ካልሆንን ማን ነው? አል-ጀዘሪ ጽፎ ስለተወ ሰዓቱ መልሶ ሠራ። ጋፋት የሚቀጥል ትምህርት ቤት ሳትተው ስለተበተነች ብረቱ ብቻ ቀረ።

በመጨረሻ፣ አዲስ ስልክ መመኘት ነውር አይደለም። እኛም እንመኛለን፤ ነገ ሻይ ቤት ስንገናኝ ስለ ራምና ስለ ካሜራ ማውራታችን አይቀርም። ግን ከዛሬ ጀምሮ በወሬያችን መሀል ይህችን ጥያቄ እንጨምርባት።

አሁን እዚሁ ሆናችሁ ዳታችሁን አጥፉ። ስልካችሁን ክፈቱ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ነገ የሚጠቅማችሁ ነገር ስንት አገኛችሁ? ያገኛችሁትን ሦስት ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ከናንተ ሌላው ይወስዳል። ምንም ያላገኘ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ፓኬጁ ሳያልቅ አንድ መጽሐፍ ያውርድ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።